ሰባት ቁጥር ሳጥን

ለጀማሪ ጂኦሎጂ የሚያስተምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስለምደው ጥያቄ አንድ ነው፤ ላዩ የት ነው? ድንጋዩ ከምን እንደተሠራ፣ ስንት ዘመን እንዳስቆጠረ፣ ከየት እንደመጣ ኋላ ይደረስበታል። መሬት ትታጠፋለች፣ ትሰነጠቃለች፣ አንዳንዴም ጨርሳ ትገለበጣለች። ስለዚህ ንብርብር ፊት የቆመ ሰው የትኛው ጎን ወደ ሰማይ ይመለከት እንደነበር ሳያረጋግጥ አፉን መክፈት የለበትም። ይህን አዋሽ ከተማ ውስጥ፣ በቆርቆሮ መጋዘን፣ ለአሥራ ሁለት ሰዎች ስድስት ሳምንት ሙሉ አስተምሬያለሁ። አሁን የምጽፈው እኔው ራሴ ሳልጠይቅ ስለቀረሁበት ቀን ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ በኋላ። ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት በአዋሽ ሸለቆ ጉድጓድ እየሰረሰረ የመሬቱን ጠባይ በሚያጠና አንድ የመንግሥት ፕሮጀክት ውስጥ ነበር። ምደባ ስለሆነ ወደድክ ጠላህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ቢጠይቁኝም መልስ የሚኖረኝ አይመስለኝም። ቤታችን ውስጥ እኔና ታላቅ ወንድሜ ብቻ ነበርን፤ እሱን በቀይ ሽብር ጊዜ አጣነው። ስሙን ያገኘሁት ቀበሌ በር ላይ ከተለጠፈ ዝርዝር ነው። ስህተት ይሆናል ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ስህተት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የተለጠፈ ነገር ሁለተኛ አላይም። ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሰው ሲያለቅስ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ድንጋይ ይመቸኝ የነበረው ለዚህ ይመስለኛል፤ ምንም አይጠይቅም።

የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሠራተኛ እንዲቀንስ ከበላይ ታዘዘ። መሰርሰሪያው ላይ በቀን ሥራ የሚሠሩ አሥራ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ስድስት ሳምንት እንዲማሩ፣ ከዚያ እንዲፈተኑ፣ የተሻሉት አምስቱ ጀማሪ ቴክኒሻን ሆነው በቋሚነት እንዲቀጠሩ ተወሰነ። ኃላፊው በመጀመሪያው ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰባቸውና፣

«አምስታችሁ እዚህ ትቀራላችሁ። የሰባቱ ስም ለቀበሌ ይተላለፋል፤ ለእናት አገር ጥሪ ይዘጋጁ» አላቸው።

ዕድሜው ከጥሪው የሚያድነው አንድም ሰው በመካከላቸው አልነበረም። የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ መታወቂያ የያዘ ሰው ግን በቀላሉ አይነካም፤ ቢያንስ አዋሽ ላይ እንዲህ ይታመን ነበር። ስለዚህ እኔ ክፍል ውስጥ ድንጋይ ለማወቅ ብሎ የሚማር ማንም አልነበረም። ሁሉም የሚማረው ከሰሜን ጦር ግንባር ለመቅረት ነው። ይህን እንደማንም አውቃለሁ፤ የማውቀው ግን የአንድን ድንጋይ ስም እንደማውቀው ነበር።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ወሎዬ ነበር። ከእኔ ቢበልጥ በሁለት ዓመት ነው፤ ሃያ ሰባት ቢሆነው። በልጅነቱ ቁርአን ቤት ደረሳ ሆኖ ቆይቷል፣ አማርኛ መጻፍ የተማረው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ሚስቱ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት ነበራት፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ወሯ ገብቷል። በዕድሜ እኩያ ብንሆንም ስለማስተምረው «ጋሼ» ይለኛል፣ አንቱም ይለኛል። መጀመሪያ ላይ ያሳፍረኝ ነበር፤ ኋላ ለመድኩት። ሰው ለምኑ አይለምድ።

በመጀመሪያው ሳምንት የድንጋይን ሦስት ወገን አስተማርኳቸው። ቀልጦ ከቆየ በኋላ ቀዝቅዞ የተወለደ አለ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲረግጡት የኖሩት ጥቁር ድንጋይ ከዚህ ወገን ነው። ውኃና ነፋስ ያመጡት ደለል እየተደራረበ የጠነከረ አለ። ሦስተኛው ከላይ ብዙ ጫና፣ ከታች ብዙ ሙቀት አግኝቶት ጠባዩ የተለወጠ ነው።

«ሦስተኛውስ እኛ ነን በሉኛ» አለ አንዱ ከኋላ፤ መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። ኃላፊው አለመኖሩን በመስኮት አረጋገጥኩና እኔም ሳቅሁ።

ቀጥዬ አንዱ ከሌላው እንደሚወለድ ነገርኳቸው። ጥቁሩ ድንጋይ ይፈረፈራል፣ ወንዝ ይወስደዋል፣ ቆላ ላይ ይዘረግፈዋል፣ ደለሉ ይጠነክራል፣ ተቀብሮ ይለወጣል፣ ቀልጦም ተመልሶ ይወጣል። ወሎዬው እጁን አነሣ።

«እንዲህ ከሆነ ጋሼ፣ ምኑም ምኑም አይጠፋማ?»

«ቅርጹ ይጠፋል» አልኩት።

«ቅርጡማ ይጥፋ» አለና ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ቀስ እያለ፣ ፊደሉን እየሳለ ነበር የሚጽፈው፤ እንደማንኛችንም ከግራ ወደ ቀኝ። ይህን ያነሣሁት ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ከከተማው ወጣ ብሎ አዋሽ ወንዝ የቆረጠው ገደል አፋፍ ላይ ወሰድኳቸው። እዚያ ቆሞ ማዶውን ለሚያይ ሰው መጽሐፍ አያስፈልገውም፤ ንብርብሩ ሁሉ ተገልጦ ይታያል። ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀይ፣ እንደገና ጥቁር። ሕጉ አንድ ነው አልኳቸው፤ ታች ያለው ይቀድማል፣ ላይ ያለው ይከተላል፣ ካልተገለበጠ በስተቀር። ተገልብጦ እንደሆነ በምን ይታወቃል? የቀለጠ ድንጋይ እንደሚፈላ ወጥ አረፋ አለው፤ አረፋው ወደ ላይ ስለሚወጣ ቀዳዳ የበዛበት ወገን ላዩ ነው። ጎርፍ ደለል ሲያመጣ ሻካራው ቀድሞ ይሰፍራል፣ ደቃቁ በላዩ ይተኛል። ይህ የቀለጠ ድንጋይ፣ ቅላጩ፣ በትኩሱ የፈሰሰበት አፈር ደግሞ እንደ ሸክላ ተጠብሶ ይቀላል፤ ስለዚህ ቀይ አፈር ያለው ከጥቁሩ ሥር ነው እንጂ ከላዩ አይደለም። እነዚህን ሦስት ምልክቶች የያዘ ሰው ድንጋይ አያታልለውም።

አንድ ቦታ ላይ ግን ንብርብሩ እንደ መቆረጥ ይላል። ከታች ያለው ታጥቦ ከተወሰደ በኋላ ብዙ ዘመን ባዶ ቆይቶ ሌላ የተነጠፈበት ቦታ ነው። ለጀማሪ ይህን ማስረዳት ከባድ ነው፤ የሌለን ነገር ማሳየት ስለሆነ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተንተባተብኩ።

«እንደ ሉሕ ነዋ» አለ ወሎዬው።

«ሉሕ ምንድን ነው?»

«ቁርአን ቤት ምንጽፍበት ጣውላ ነው ጋሼ። ጥፈን፣ ቀርተን፣ በቃላችን ይዘን ስናበቃ እናጥበዋለን። ከዛ ሌላ እንጥፍበታለን። የታጠበው ምን እንደነበር ጣውላው አይናገርም፤ መታጠቡ ግና ያስታውቃል።»

ይህን ነገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በአንድ ቀን አልገባኝም ነበር። እሱ ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ ገባው። ጎበዝ ማለት ነበረብኝ። «ትክክል» አልኩና ወደሚቀጥለው አለፍኩ፤ ሰውን ማመስገን ራሱ ጉልበት የሚፈልግበት ጊዜ ነበር።

አራተኛው ሳምንት ላይ በጭነት መኪና ሁለት ቀን የፈጀ ጉዞ አደረግን። መልካ ወረር ላይ ጥጡ ነጭ ብሎ ነበር። ገዋኔ ላይ ከወደብ ከሚመጡ ከባድ መኪኖች መካከል ቆመን ዳቦ ገዛን፤ ወሎዬው ከመኪናው ጀርባ ሆኖ ያድል ጀመር። ከቀኝ ጫፍ ጀምሮ አንድ በአንድ እየሰጠ መጣ። እኔ በግራ ጫፍ ነበርኩ፤ የመጨረሻው ዳቦ ደረሰኝ። አስተማሪ ነኝና መቅደም ነበረብኝ ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ። ትንሽ ቅር ማለት ያን ጊዜ ለእኔ ትልቅ ስሜት ነበር።

ሎጊያን አለፍ ብለን ከመኪና ወረድን። ዛሬ ሰመራ የሚባለው ከተማ ያለበት ሜዳ ነው፤ ያኔ ጥቁር ድንጋይና ሙቀት እንጂ ሌላ አልነበረበትም። እዚያ ያስተማርኩት ስለ መሬት መሰንጠቅ ነው። የምንቆምበት መሬት አንድ ወጥ እንዳልሆነ፣ የተለያዩ ቁራጮች ቀስ በቀስ እየተራራቁ እንደሆነ፣ በሚራራቁበትም በኩል ከሥር ቅላጭ ወጥቶ አዲስ መሬት እንደሚሆን ነገርኳቸው። ሸለቆው ሁሉ የዚህ ሥራ ነው። ይህ ድንጋይ ትናንት የወጣ ነው አልኩ፤ ጂኦሎጂስት ትናንት ሲል ብዙ ሺህ ዓመት ማለቱ እንደሆነ ጨመርኩበት።

ወሎዬው ቀዳዳ የበዛበት ቁራጭ አንሥቶ አገላበጠ። ላዩ የት እንደሆነ በአውራ ጣቱ ፈለገና አገኘው።

«ይችማ ገና ጨቅላ ናት» አለ። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ። «እዚህ ጋ አገር ይቀናል ይሆን ጋሼ?»

«እዚህ? ማን ሊኖርበት!» አልኩት። ሰመራን ባየሁ ቁጥር ይህ ትንቢቴ ትዝ ይለኛል።

ድንጋዩን ኪሱ ከተተው። ለሚወለደው ልጅ መጫወቻ ነው አለ። ሌሎቹ «ልጅህን በድንጋይ ልታሳድግ ነው?» ብለው እስከ ሎጊያ ድረስ ቀለዱበት።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የካምፑ አናጢ አሥራ ሁለት ሳጥኖች ሠርቶልኝ ነበር፤ ረጃጅም፣ ጠባብ፣ እያንዳንዳቸው በአንድ ረድፍ አሥር ክፍል ያላቸው። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ በከረጢት አሥር ድንጋዮች ሰጠሁ። ሁሉም መሰርሰሪያው ከአንድ ጉድጓድ ያወጣቸው ክብ ቁራጮች ናቸው፤ ጥልቀታቸው አልተጻፈባቸውም። ተፈታኙ ምልክቶቹን እያነበበ የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበር ማወቅና በቅደም ተከተል መደርደር አለበት። አድልዎ እንዳይኖር ስም አይጻፍም፤ ሳጥኖቹ ላይ ቁጥር ብቻ አለ። ማን የትኛውን ቁጥር እንደያዘ የሚያውቀው ኃላፊው ነው። እኔ ፊቴን አዙሬ ስቆም ዕጣ አወጡ።

«ከላይ ወደ ታች ደርድሩ» አልኳቸው። የመጀመሪያው ክፍል የግራው ጫፍ ነው አላልኩም። ልምምድ ላይ ሁልጊዜ እኔ ራሴ በደረደርኩትና ቁጥር በተቀባ ሳጥን ነበር የምንሠራው፤ እነዚህ ግን ጥሬ ጣውላ ነበሩ። ስለ ዓለም አፈጣጠር ስድስት ሳምንት ያወራ ሰው ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ረሳ። የረሳሁት እንኳ አይደለም፤ የሚነገር ነገር መሆኑን አላወቅኩም።

ሥራው እንደተጀመረ ከኋላዬ «ጋሼ፣ አንድ ነገር...» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የማን እንደሆነ አውቄያለሁ። ሳልዞር «ጥያቄ የለም» አልኩ። ለአንዱ ብመልስ ረዳው እባላለሁ፤ በዚያ ዘመን መባል ራሱ አደጋ ነው።

ከሰዓት ሁሉም ወጥተው ሲያበቁ መልሱን ይዤ ሳጥኖቹ በተደረደሩበት ረጅም ጠረጴዛ ፊት ሄድኩ። ከግራ እየጀመርኩ ለእያንዳንዱ ትክክለኛ ቦታ አንድ ነጥብ። ስምንት ያገኘ አለ፣ ስድስት ያገኘ አለ፣ ሁለት ያገኘም አለ። ሰባት ቁጥር ሳጥን ላይ ስደርስ የመጀመሪያው ስህተት ነው፣ ሁለተኛው ስህተት ነው፣ ሦስተኛው ስህተት ነው። ከጉድጓዱ ወለል የወጣውን አሮጌውን ድንጋይ ቁንጮ ላይ አስቀምጦታል። እስከ መጨረሻው አንድም አላገኘም። ዜሮ ብዬ ጻፍኩና ፈገግ አልኩ። ስድስት ሳምንት ተምሮ ዓለምን ከነቤቷ የዘቀዘቀ ተማሪ አፈራሁ ብዬ።

ኃላፊው ስሞቹን ሲያነብ ሰባት ቁጥር ወሎዬው ሆኖ ተገኘ። ገረመኝ። ግን ደንግጦ ይሆናል ብዬ አለፍኩት። ዝርዝሩ ተተየበ፣ ፈረምኩ፣ ተለጠፈ።

በማግሥቱ ጠዋት ካምፑ ግቢ ውስጥ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ ሳጥኗን አንድ ግዜ አብረን እንያት።»

«ውጤት ወጥቷል» አልኩ።

«ይውጣ፤ ተሳስቼም ከሆነ ስህተቴን ልወቀው። ወላሂ መላልሼ ነው ያየኋት። አልሳትኩም።»

«የተለጠፈ ተለጥፏል።»

«አምስት ደቂቃ ናት ጋሼ።»

መጋዘኑ ከቆምንበት ሠላሳ እርምጃ አይርቅም ነበር። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ነው። የተለጠፈ ዝርዝር ተመልሶ ቢታይ የሚለወጥ ነገር እንደሌለ በራሴ ቤት አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ይህን ብቻ ነው። ራሴን ነቀነቅሁ። ወሎዬው እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

«አብሽሩ። ካላህ ነው» አለኝ።

እኔን ነው ያጽናናው። በአራተኛው ቀን ሰባቱን በጭነት መኪና ወሰዷቸው። ሚስቱ እርግዝናዋን ይዛ ጣቢያው ጋ ቆማ ነበር። እኔ ካምፑ በር ላይ ሆኜ አየሁ። ምን ተሰማህ ብትሉኝ፣ ሙቀቱ። ሌላ ምንም አልተሰማኝም።

አንድ ወር ያህል አለፈ። አንድ ቀን የካምፑ ወጥ ቤት ተዘግቶ ስለነበር ከሰዓት ላይ ወደ ጣቢያው ወረድኩ። የሷ ሻይ ቤት ለመግባት አላሰብኩም፤ ጥላ ያለው ግን እሱ ብቻ ነበር። ልጅ ወልዳለች፤ ሴት ናት፣ ጥግ ላይ በጨርቅ ተጠቅልላ ተኝታለች። ከራስጌዋ ያ ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ተቀምጧል። ቤቱ ውስጥ በግድግዳው ሥር አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። እኔ ከምድጃው አጠገብ፣ በግራው ጫፍ ተቀመጥኩ። ቀጥሎ ሦስት ሾፌሮች ገብተው ከእኔ ወዲያ ተደረደሩ።

ሻዩን ቀዳችና ትሪውን ይዛ በፊቴ አልፋ ሄደች። በወዲያኛው ጫፍ፣ በቀኝ ካለው ሾፌር ጀመረች። አሁንም ትንሽ ቅር አለኝ።

«እኔ ቀድሜ የገባሁ መስሎኝ» አልኩ በቀልድ አስመስዬ።

«ኧረ አንቱን ንቄ አይደለም ጋሼ» አለች ደንግጣ። «እኛጋ ነገር ሁሉ ከቀኝ ነው ሚጀመር። ልማድ ሁኖብን ነው። እሱማ ይብሳል፤ ሲኒ እንኳ ሲደረድር ከቀኝ ነው፣ ጫማውን ሲያደርግም ከቀኝ ነው። ያለቀኝ ሚጀምረው ነገር የለውም። አማርኛ ሲጥፍ ብቻ ነው ወደናንተ ሚዞር» ብላ ሳቀች።

ሻዬ ሳይደርሰኝ ተነሣሁ።

መጋዘኑን ከፈትኩ። ማንም ያጸዳው ሰው ስላልነበረ ሳጥኖቹ አቧራ ለብሰው እንደነበሩ ናቸው። ሰባት ቁጥር ጋ ሄድኩ፤ ከዚያ ጠረጴዛውን ዞሬ በማዶው በኩል ቆምኩ። ከዚያ ወገን ሆኜ ከግራዬ ጀምሬ አነበብኩ። የላይኛው ደቃቅ ደለል በቦታው። ሥሩ ሻካራው ጠጠር በቦታው። ቀዳዳው የበዛው ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥሎ ድፍኑ ጥቁር ድንጋይ። ከሥሩ የተጠበሰው ቀይ አፈር፤ ይህን ከአሥራ ሁለቱ ማንም አላገኘውም ብዬ ለኃላፊው በአፌ ተናግሬ ነበር። አመዱ። ታጥቦ የተቆረጠው ቦታ። እስከ ታችኛው አሮጌ ድንጋይ ድረስ አሥሩም።

ዜሮ ማምጣት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ምንም የማያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ አሥር ድንጋይ ቢደረድር አንድ ሁለቱ ቦታቸው ላይ ይወድቁለታል። አሥሩንም አንድ ሳያስቀር ገልብጦ ለማስቀመጥ አሥሩንም ማወቅ ያስፈልጋል። ዜሮው ራሱ እየጮኸ ነበር። ካልተገለበጠ በስተቀር ብዬ ስድስት ሳምንት የለፈለፍኩት እኔ፣ ላዩ የት ነው ብዬ ሳልጠይቅ ፈገግ ብዬ አለፍኩት። ከተማሪዎቹ ሌሎችም ሙስሊሞች ነበሩ፤ እነሱ ግን ያደጉት በመንግሥት ትምህርት ቤት ስለሆነ እንደ እኔ ከግራ ጀመሩ። እሱ እጁ እንደለመደው ጀመረ። ሊጠይቀኝ የፈለገውም ይህንኑ ሳይሆን አይቀርም፤ ከየት ልጀምር?

መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ማልቀስ ፈልጌ ነበር፤ አልመጣም።

ኃላፊው የነገርኩትን ሰምቶ ለረጅም ጊዜ እስክሪብቶውን አገላበጠ።

«ሰውዬውን አላመጣልህም» አለ። «አምስተኛውን በሱ ፈንታ ልላከው?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያው ወረቀቱን አርም።»

አረምኩ። ከአሥር አሥር። ሦስት ቀን ቆይቶ በፕሮጀክቱ ማኅተም ደብዳቤ ወጣ፤ ፈተናውን በአንደኛነት አልፏል፣ ከግዳጅ ሲመለስ ቦታው ይጠብቀዋል ይላል። ግንባር ድረስ የሚወስድለት ስላልነበረ ለሚስቱ እንዳደርስ ታዘዝኩ። ከግንባር አንድ ደብዳቤ ጽፎላት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ አልመጣላትም። ከአዋሽ እስከተዛወርኩበት ቀን ድረስም አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ጠይቄ አላውቅም፤ ይህንንም ልደብቀው አልፈልግም።

ደብዳቤውን ይዤ የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው። አግዳሚው ላይ እንደዚያን ቀን ሾፌሮች አሉ። እኔም እዚያው ግራው ጫፍ ተቀመጥኩ። ልጅቷን ታቅፋ መጣች፤ ማንበብ ስለማትችል አንብቡልኝ አለችኝ። አነበብኩላት።

«አንደኛ?»

«አንደኛ።»

«ኧረ አልሐምዱሊላህ!» አለች። ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እሱም ብሎኝ ነበርኮ። አልሳትኩም ሲለኝ፣ ተወው ባክህ፣ የተማሩት ካንተ ያውቃሉ አልሁት። ታዲያ ያኔ ምን ሁኖ ነው?»

የምነግራት እዚያ ጋ ነበር። ጠረጴዛውን ዞሬ አላየሁም፣ አምስት ደቂቃ ለመነኝ፣ ቁልፉ ኪሴ ነበር ማለት ነበረብኝ።

«ወረቀት ዘግይቶ ነው» አልኩ።

«ወረቀት አይደል» አለችና ራሷን ነቀነቀች፤ አመነችኝ። «አሁንማ እንግዲህ ይመልሱታላ?»

«እንግዲህ...» አልኩ።

ደብዳቤውን በቀኝ እጇ ተቀብላ ቁርአኑ የተጠቀለለበት ጨርቅ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በቀኝ ጫፍ ወደተቀመጠው ሾፌር ዞራ፣

«ወንድሜ ተነሥልኛ» አለችው። «ጋሼ የምሥራች ይዘውልኝ መጥተው መጨረሻ ላይ ሊቀመጡ?»

ሾፌሩ እየሳቀ ተነሣ። እንቢ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ ክንዴን ይዛ አሻገረችኝና እሱ በነበረበት አስቀመጠችኝ። ሻዩን ቀድታ ትሪውን አመጣች፤ ከቀኝ ጀመረች። የመጀመሪያው ብርጭቆ ደረሰኝ። ስኳሩን ለእኔ ብላ አብዝታው ነበር። ጠጣሁት።